መከለሻው የት ሄደ? ወንድሜን በመቅኔ ንቅለ ተከላ ጊዜ ያበላሁበት መንገድ

ጥር 2015 ዓ.ም. ወደ ደልሂ ስንበር ከያዝናቸው ሦስት ሻንጣዎች አንዱ ከዳር እስከ ዳር ምግብ ነበር። እናታችን ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል ስታስቆላ፣ ስታስፈጭና ስትነፋ ከርማ፣ በሶውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ድርቆሹን፣ ነጭ ማሩን፣ ፌጦውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የተነጠረውን ቅቤና የጤፍ ዱቄቱን በድርብ ፌስታል ጠቅልላ፣ «ልጄ ጠንከር ብሎ ይግባ» ብላ ነበር የሸኘችን። ወንድሜ ሆስፒታል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ያመጣሁትን ሁሉ በስም ጽፌ እንድመጣ አዘዘችኝ። ዝርዝሩን ይዤ ስቀርብ እያንዳንዱ እንዴት እንደተሠራ፣ እሳት ነክቶት እንደሆነ፣ ከእሳት ከወጣ በኋላስ የሰው እጅ ነክቶት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዘጠኙ የተረፉልን ጤፉ፣ ሽሮው፣ በርበሬውና ቅቤው ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ እንደገና ሳይበስሉ ወንድሜ አፍ እንዳይገቡ ተባለ። ለእማዬ በስልክ ይህን ለመንገር ድፍረቱ ስላልነበረኝ፣ በሶውንና ማሩን እኔው ስበላው ከረምኩ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜ የ34 ዓመት ጎልማሳ ሳለ አክዩት ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር ተገኘበት፤ አዲስ አበባ በተሰጠው ኬሞቴራፒ በሽታው ቢረግብም ተመልሶ እንዳይመጣ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተባለና ሜዲካል ቦርድ ወደ ውጭ ጻፈልን። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ለዚህ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ ከሦስት እኅቶቹ የገጠምኩለት እኔ ሆንኩ። ስለዚህ ሕዋስ ሰጪውም፣ አስታማሚውም፣ አብሳዩም እኔው ነበርኩ። ከመሄዳችን በፊት ስለ ምግቡ በአማርኛ የሚነበብ ነገር ፈልጌ አጥቼ ነበርና፣ ከኔ በኋላ ለሚሄድ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ያሳለፍነውን እጽፋለሁ። የታዘዘልን ሁሉ የታዘዘው ለእርሱ፣ በእርሱ ሁኔታ ነው፤ የእናንተ ሐኪሞች ከዚህ የተለየ ካሉ የሚሰማው የእነርሱ ነው።

ንቅለ ተከላ ሲባል ቀዶ ሕክምና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም መስሎኝ ነበር። የሰጪው ሕዋሳት የሚገቡት ግን እንደ ማንኛውም ደም በከረጢት ተንጠልጥለው በደም ሥር ነው፤ ሥራውም ከአንድ ሰዓት አላለፈም። ከባዱ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ኃይለኛ ኬሞቴራፒ ነው። መድኃኒቱ የታመመውን መቅኔ ሲያጠፋ በፍጥነት የሚባዙ ሌሎች ሕዋሳትንም አብሮ ያጠፋል፤ ከእነርሱም ዋነኞቹ የአፍን፣ የጉሮሮንና የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን የሚሠሩት ናቸው። በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፦ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ሰውነቱ ጀርም የሚከላከልበት ኃይል ያጣል፣ አፉና አንጀቱ ደግሞ ስለሚቆስል ምግብ ማስገባት ራሱ ሥቃይ ይሆናል። ምግብ እጅግ የሚያስፈልገው ምግብ መዋጥ በማይችልበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረችኝ ምግብን በቁጥር ማሰብ ነበር። ወንድሜ ሲገባ 61 ኪሎ ይመዝን ነበር። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 30 ካሎሪና 1.5 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል አለችኝና አባዝታ 1,830 ካሎሪና ወደ 90 ግራም ፕሮቲን ጻፈችልኝ። ዘጠና ግራም ስንት እንደሆነ ስላልገባኝ በእንቁላል ንገሪኝ አልኳት፤ አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ስላለው አሥራ አምስት እንቁላል መሆኑን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። እኛ ቤት «በደንብ በልቷል» የሚባለው ሳህኑን ሲያጸዳ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዤ የበላውን በማንኪያ፣ የጠጣውን በሚሊ ሊትር፣ ያስመለሰውንም ጭምር መጻፍ ያዝኩ። ሐኪሞቹ በየማለዳው ሲዞሩ «ትንሽ በልቷል» ማለት ትቼ ደብተሩን አሳያቸው ነበር፤ ውሳኔያቸውም ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው በእርሱ ላይ ነበር።

ጥር 24 ሜልፋላን የተባለው መድኃኒት የሚሰጥበት ቀን ነበር። ነርሷ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብላ አንድ ኩባያ የተከሰከሰ በረዶ አምጥታ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ካለቀም በኋላ አፉ ለአፍታ እንኳን ከበረዶ ባዶ እንዳይሆን ነገረችው። ቅዝቃዜው የአፍን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ መድኃኒቱ ወደ አፍ ሽፋን የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ወንድሜ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ሊተወው ሲል ተቆጥቼ አስቀጠልኩት፤ በኋላ ያየሁትን ሳስበው ያ ቁጣ ከቁጣዎቼ ሁሉ የማልጸጸትበት ነው። ይህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በረዶ ካላመጡለት ይጠይቅ፤ በረዶው ግን ከፈላ ውኃ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጥ።

በእኔ በኩል የነበረው ቀላል ነው። አራት ቀን መቅኔ የሚያነቃቃ መርፌ ተወጋሁ፤ ወገቤንና ጭኔን እንደ ጉንፋን ቆረጠመኝ፤ ከዚያ ማሽን ላይ ተኝቼ ሕዋሱ ተለቀመ። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ነገር የደሙን ካልሲየም አስሮ ስለሚይዝ ከንፈሬን ሲነዝረኝ ካልሲየም ሰጡኝ። ለሰጪዎች የምመክረው በዋዜማው ወተትና እንቁላል በደንብ በልቶ መግባትን ነው።

ሕዋሱ የገባበት ጥር 26 «ዜሮ ቀን» ይባላል፤ ቀናት የሚቆጠሩት ከዚያ ጀምሮ ነው። እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ሙቅ፣ እንቁላል ፍርፍርና ሩዝ ይበላ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ባለሙያዋ መጥታ አፉ ገና ሳይብስበት በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ እንዲገባለት ሐሳብ አቀረበች። እርሱ አልፈልግም አለ፤ እኔም «እኔ አበላዋለሁ» ብዬ ደገፍኩት። በእኛ ዘንድ ቱቦ የሞት ዋዜማ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። አንጀት ምግብ ሲያጣ ሽፋኑ እንደሚሳሳና በውስጡ ያሉት ጀርሞች ወደ ደም ለመግባት እንደሚቀላቸው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ምግብ ደግሞ ኢንፌክሽንና የጉበት ችግር ሊያመጣ ስለሚችል አንጀት እስከሠራ ድረስ ቱቦው እንደሚመረጥ አስረዳችን። ሰማናት፤ ግን አልተቀበልናትም።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ወንድሜ መናገር አቁሞ በስልኩ እየጻፈ ያሳየኝ ጀመር። «እታለም፣ ምራቄን ስውጥ ምላጭ የዋጥኩ ይመስለኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ከንፈሩ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ ምራቁን የሚተፋበት ዕቃ በሰዓት ይሞላል። የአጃ አጥሚት አቅጥኜና አብርጄ ይዤ ገብቼ ነበር። በዚያው ሰዓት እማዬ በቪዲዮ ደወለችና ሳህኑ እንደሞላ አይታ፣ «አጉርሽው እንጂ! ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ?» አለችኝ። እኔም «ለኔ ስትል» እያልኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ በግድ አጎረስኩት። አራተኛው ላይ ሁሉንም መለሰው፤ ያስመለሰውም ደም የቀላቀለ ነበር። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት በጣም ወርዶ ስለነበር የትንሿ ቁስል ደም እንኳን አልቆም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰጋን አደረ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ነርሷ ትከሻዬን ይዛ ያለችኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምን መቼ እንደሚቀርብ እኔ ልወስን፣ ምን ያህል እንደሚገባ ግን እርሱ ይወስን አለችኝ። ማጉረስን ከዚያ ቀን ጀምሮ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ጉርሻ ባደግንበት ቤት ፍቅር ነው፤ አፉ ለቆሰለ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ለሌለው ሰው ግን የሌላ ሰው እጅ ጭምር ነው።

በማግስቱ ፕሌትሌት ተሰጥቶት ቱቦው ገባ፤ ከአምስት ቀን በፊት በቀላሉ የሚገባው ነገር በቆሰለ ጉሮሮ ሲያልፍ ምን ያህል እንዳሠቃየው አልረሳውም። ቱቦ ሐሳብ ሆኖ ከቀረበላችሁ አፍ ሳይቆስል እሺ በሉ የምለው ለዚህ ነው። በቱቦው በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ተጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረ፤ በአፉ ደግሞ የሕመም ማስታገሻው በተሰጠው በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ቁስሉ ደንዘዝ ሲልለት፣ የሚችለውን ያህል ቀዝቃዛ ነገር ይቀምስ ነበር። ሌላው የጠቀመን ትንሽ ዘዴ የሳህኑን ክዳን ክፍሉ ውስጥ አለመክፈት ነው፤ የመጀመሪያው እንፋሎት ኮሪደር ላይ ሲወጣ ሽታው ይቀንሳል፣ ማቅለሽለሹም እንደዚያው።

የካቲት 12፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ነጭ የደም ሕዋሱ መነሳት ጀመረ፤ የአፉም ቁስል ከእርሱ ጋር አብሮ ይጠግግ ጀመር። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ወንድሜ አጥባቂ ጿሚ ስለነበር እንቁላል አልበላም ብሎ አስቸገረ። ሽሮና ምስር ፕሮቲን እንዳላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በቀን ጥቂት ማንኪያ ብቻ የሚገባለት ሰው በእነርሱ ዘጠና ግራም ሊሞላ አይችልም። የንስሐ አባታችን በስልክ፣ «ልጄ፣ አንተ የምትበላው መድኃኒት ነው፤ ጾሙን እናትህ ትጾምልሃለች» አሉት። እናቴ የላከችውን ጠበል ያልፈላ ውኃ መጠጣት ክልክል ስለነበር ምን እናድርገው ብዬ ስጠይቃቸው ደግሞ፣ «ደሙ ከእንግዲህ ያንቺ አይደል? አንቺ ጠጪለት» ብለው አሳቁን። ከሳቁ ሁሉ ያ ሳቅ ለወንድሜ የመጀመሪያው ነበር፤ ከንፈሩ ስንጥቅ ስለነበረበት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር የሳቀው።

የካቲት 18 በ56.5 ኪሎ ከሆስፒታል ወጥተን አጠገቡ የተከራየነው ቤት ገባን። እዚያ የጠበቀኝ የማእድ ቤት ሥራ ያደግኩበትን ብዙ ነገር ያስተወኝ ነው። ለጥሬ ሥጋ አንድ መክተፊያ፣ ለሌላው ሌላ መክተፊያ ያዝኩ። የምግብ ቴርሞሜትር ገዝቼ ዶሮው ውስጡ 74 ዲግሪ ሳይደርስ አላወርድም ነበር፤ እንቁላሉም አስኳሉ እስኪጠነክር ይበስላል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥም፤ ሚያዝያ ላይ የደልሂ ሙቀት ሲብስ ወደ አንድ ሰዓት አወረድነው። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን በየቀኑ አያለሁ። የመጠጥ ውኃ በማጣሪያ ቢያልፍም እንደገና አፈላዋለሁ። እርጎ፣ አይብ፣ ያልፈላ ወተት፣ ለጋ ቅቤ፣ ማር፣ ሰላጣ፣ ተልጦ የማይበላ ፍሬ ሁሉ ለጊዜው ቀሩ።

እንጀራን ባለሙያዋ ስለማታውቀው የስልክ ቪዲዮ አሳየኋት። የጨነቃት የሊጡ መኩምጠጥ ሳይሆን የሚጋገረው በአንድ ጎኑ ብቻ መሆኑ ነበር። ስለዚህ መጥበሻው ላይ አፍስሼ፣ ከድኜ፣ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ቴርሞሜትሩን ላዩ ላይ ሳስነካው ከ90 ዲግሪ በላይ አነበብኩላትና ፈቀደችልን። የከለከለችው ማሳደር ነበር። አንድ ቀን ያደረ እንጀራ ላይ ገና በዓይን የማይታይ ሻጋታ ሊኖር ስለሚችል፣ የዕለቱን ብቻ ጋግሬ የተረፈውን እኔ እበላለሁ ወይም ወዲያው ፍሪዘር አስገብቼ በእንፋሎት አሙቄ አቀርባለሁ። ሊጡን በጣት ቀምሶ መኩምጠጡን የመለካት ልማዴንም አቆምኩ፤ ያንኑ ጣት ይዤ ወንድሜ ክፍል እገባ ነበርና።

ከሁሉ የከበደኝ መከለሻው ነው። መከለሻ ወጥ ሊወርድ ሲል የሚነሰነስ፣ መዓዛው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ያለ ቅመም ነው። ነገር ግን ቅመም መሬት ላይ የሚሰጣና የሚከማች ስለሆነ የሻጋታ ዘር አያጣውም፤ ለጤነኛ ሰው ምንም የማያደርገው አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ መከላከያው ለወደቀ ሰው ሳንባ አደገኛ ነው። ስለዚህ ኮረሪማውም፣ ጥቁር አዝሙዱም፣ በርበሬውም ከመነሻው ገብቶ ከወጡ ጋር መፍላት ነበረበት። ሙያ የሚያውቅ ሰው ሲያየኝ ቢስቅብኝ አይገርመኝም። ቡና ስናፈላም ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ አበባ ማስቀመጥና ዕጣን ማጨስ ቀረ፤ ርጥብ ሣርና አፈር የዚያው ሻጋታ ቤት ነው፣ ጭሱ ደግሞ ሳንባ ይቆጣል። ቡናው ራሱ ግን ፈልቶ የሚጠጣ ስለሆነ ተፈቅዶለት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምሰው «ብረት ብረት ይለኛል» ብሎ ሲኒውን መለሰልኝ። የምላስ ጣዕም እስኪመለስ ወራት እንደሚወስድ ነግረውን ስለነበር አልከፋኝም።

ስለዚህ ጥብቅ አመጋገብ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በኋላ እንዳነበብኩት ጥሬ ነገርን ሁሉ መከልከል ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ በማስረጃ አልተረጋገጠም፤ በጣሊያን ከ200 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በንጽሕና የተዘጋጀ ሰፋ ያለ ምግብ የበሉት ሰዎች ጥብቁን ከያዙት የበለጠ በኢንፌክሽን እንዳልተጎዱ አሳይቷል። አንዳንድ ሆስፒታሎችም ደንባቸውን እያላሉ ነው። እኔ ግን ይህን አንብቤ ያደረግነውን ከንቱ ነበር አልልም። እነዚያ ሕሙማን የበሉት ንጹሕ ውኃ በቧንቧ በሚመጣበት፣ ወተቱ በፋብሪካ በሚፈላበት አገር ነው። ሆስፒታላችሁ ፍራፍሬ ከፈቀደ ለወንድሜ ተከልክሎ ነበር ብላችሁ አትከልክሉ፤ ውኃችሁን ግን አፍሉ።

መጋቢት 4፣ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ሌሊት፣ ወንድሜ በተቅማጥ ስምንት ጊዜ ተነሣ። ሲነጋ ሆስፒታል ተመለስን፤ የሚወጣውን ፈሳሽ እየለኩ በ24 ሰዓት 1,100 ሚሊ ሊትር መድረሱን ጻፉ። ከአንጀቱ ናሙና ተወስዶ ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. የተባለው መሆኑ ታወቀ። ከሰጪው የመጡት ሕዋሳት የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁ የሚመጣ ችግር ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዱኝ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንጀቱን የሚበላው የእኔ ደም ነው። ማንም ጥፋተኛ እንዳልሆነ ቢነግሩኝም ለሁለት ቀን ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

የአንጀት ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ምግብ በደረጃ የሚሰጥበት ነው። መጀመሪያ አንጀቱ እንዲያርፍ ምግብ በደም ሥር ሆነ፣ በአፍ ውኃ ብቻ። ቀጥሎ ጨው ያለው የሩዝ ውኃ፤ ከዚያ ልሙጥ ሩዝ፣ ተልጦ የተቀቀለ ፖም፣ የእንቁላል ነጭ። ወተት፣ ቅባት፣ ቅመም፣ ጥራጥሬና ገለባ ያለው እህል አይነኩም፤ ሽሮም ጤፍም ማለት ነው። አንዱ ደረጃ ሁለት ሦስት ቀን ሳይታይ ወደ ሌላው አይታለፍም። ፈሳሹ ወርዶ 400 ሚሊ ሊትር በደረሰበት ቀን፣ ክብደቱ 52 ኪሎ መሆኑ አንገብግቦኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ሩዙ ላይ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ጨመርኩበት። በማግስቱ ፈሳሹ 900 ሆነ፤ ሐኪሞቹ መድኃኒቱ አልሠራ አለ ብለው መጠኑን ሊጨምሩ ሲመካከሩ ሰምቼ፣ አፍሬም ቢሆን ቅቤውን ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ኖሮ በእኔ ማንኪያ ምክንያት ያላስፈለገው መድኃኒት ሊሰጠው ነበር። ደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት ብቸኛ ነገር ያ ነበርና፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት።

ለዚህ ሕመም የተሰጠው ስቴሮይድ ሌላ የምግብ ጣጣ ይዞ መጣ። ስኳሩ 280 ገባ፤ ረኃቡ ደግሞ እኩለ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሆነ። እማዬ በቪዲዮ ፊቱ ሞልቶ ስታየው «ተመስገን፣ ወፈረልኝ» አለች፤ ሚዛኑም በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ጨምሮ ነበር። ያ ግን ውኃ ነው። ጭኑን ስንለካው ሳስቷል፤ ስቴሮይድ ጡንቻ ይበላል። ከዚያ በኋላ ከሚዛኑ ይልቅ የምናየው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ሳይደግፍ ስንት ጊዜ መነሣት እንደሚችል ነበር፤ መጀመሪያ አንድም አልቻለም፤ በፋሲካ ማግስት አራት ጊዜ ተነሣ። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ አልሠራሁም፤ ቆዳው የወጣ የዶሮ ደረት በልሙጥ ሩዝ በላ፣ እኔም አብሬው።

ዘመድ በየስልኩ የሚመክረንን በተመለከተ ጥቂት ልበል፣ እናንተም አይቀርላችሁም። «ደም እንዲተካ» ቀይ ሥር፣ ጉበት፣ የብረት ሽሮፕ ስጪው ያላለኝ የለም። የወንድሜ ደም ያነሰው ብረት አጥሮት ሳይሆን መቅኔው ገና ስላልበረታ ነው፤ እንዲያውም ከተሰጠው ደም ጋር ብዙ ብረት ገብቷል፣ ምክንያቱም አንድ ከረጢት ደም 200 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዞ ይመጣል፣ ሰውነት ደግሞ ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ግሬፕፍሩት ሳይክሎስፖሪንን፣ ማለትም የሰጪው ሕዋሳት የተቀባዩን አካል እንዳያጠቁ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ለሚወስድ ሰው ክልክል ነው፤ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ የሚሰባብረውን ኤንዛይም ስለሚያግደው የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል። ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም የተባለውን ሁሉ «ሐኪሙን ልጠይቅ» እያልኩ በትሕትና አሳለፍኩት። ሳይክሎስፖሪን ማግኒዥየምን በሽንት ስለሚያባክን በኪኒን ይተካለት ነበር፤ ፖታሺየምን ግን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ደልሂ በየመንገዱ የሚሸጠው የኮኮናት ውኃና ሙዝ በመለኪያ ሆኑ። «ፍራፍሬ ምን ይጎዳል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የዕለቱን የደም ምርመራ አሳዩት።

ግንቦት 6 መቶኛው ቀን ሞላ፤ በ54 ኪሎ ወደ አገራችን ተመለስን። ቤታችን ስንደርስ እማዬ በር ላይ ቄጠማ አልጎዘጎዘችም፤ ቀድሜ ነግሬያት ነበር። ጠያቂ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ያመጣውን ምግብ እኛ እንበላለታለን። ማእድ ቤቱን ለእናቴ ያስረከብኳት ቴርሞሜትሩንና ደብተሩን ጨምሬ ነው። ማንበብ ያለመነጽር ስለሚቸግራት ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላት፦ 74፣ 4፣ 2 ሰዓት። ለሳምንት አጉረመረመች፤ ከዚያ ከኔ የባሰች ጠባቂ ሆነች።

ሳይክሎስፖሪኑ ቀስ በቀስ ወርዶ በአሥራ አንደኛው ወር ቆመ፤ የምግቡ ክልከላም ከዚያ በኋላ በሐኪሙ ፈቃድ አንድ በአንድ ይነሣ ጀመር። መጀመሪያ የተላጠ ብርቱካን፣ ከዚያ የፋብሪካ እርጎ፣ ከዚያ ሰላጣ። ጥሬ ሥጋ አልተፈቀደለትም፤ እርሱም አልጠየቀም። ክብደቱ 60 ኪሎ ነው። ጣዕሙ ሲመለስለት መጀመሪያ ያማረረው ግን ስለ ሥጋ አልነበረም፤ ገና ደልሂ ሳለን፣ የአልጫ ወጥ በቀመሰበት ቀን፣ ማንኪያውን አስቀምጦ «እታለም፣ መከለሻው የት ሄደ?» ብሎኝ ነበር። ባለፈው መስከረም እማዬ ወጡን ልታወርድ ስትል ጣቷን ወደ መከለሻው ብልቃጥ ሰድዳ ወደ እኔ ዘወር አለች። ሐኪሙ ፈቅደዋል አልኳት። ነሰነሰችው፤ ወንድሜም መዓዛው ሳሎን ደርሶት ሳይጠራ መጣ።